ወተቱ ምን አደረገ?

(በደብረ ማርቆስ በእድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ፣ እሑድ ከምሳ በኋላ የተናገርሁት ነው። ወጣቶቹ በስልክ ቀድተውት ስለነበር እንደወረደ ነው የጻፍሁት፤ የደጋገምሁትንም አልሰረዝሁትም።)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? ይሄ ማይክ ይጮሃል፤ ትንሽ ላርቀው። አሁንስ? እሺ።

ሰብሳቢያችን «ከምሳ በኋላ ተናገርልን» ሲሉኝ እውነቱን ለመናገር ቅር ብሎኝ ነበር። እንጀራ በምስር ወጥ በልቶ፣ ሞቅ ያለ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ሰው እንቅልፍ ነው የሚያምረው እንጂ ንግግር አያምረውም። ኋላ ሳስበው ግን ለዛሬው ጉዳይ ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም። ለምን እንደሆነ ስጨርስ ታዩታላችሁ።

ርዕሱን የመረጥሁት እኔ አይደለሁም፤ እናንተው ናችሁ። ባለፈው ወር ለቅሶ ላይ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሻይ ሲታደል አንዲት እናት ወተት ያለበትን መለሱ። ምነው ሲባሉ «ወተት የሻዩን ጥቅም ያጠፋዋል ብላ ልጄ ከስልክ አንብባልኛለች» አሉ። አጠገባቸው የነበሩት ደግሞ «ኧረ እቴ! ጨጓራ የሚልጠው ባዶው ነው እንጂ!» አሉ። በቃ፣ ድንኳኑ ለሁለት ተከፈለ። ሟቹን ረስተን ስለ ሻይ ስንከራከር አመሸን። ነፍሳቸውን ይማርና እሳቸውም ሻይ ወዳጅ ነበሩ፤ የሚቀየሙን አይመስለኝም። (ሳቅ)

በመጨረሻ «አንተ የመድኃኒት ባለሙያ ነህ፣ ፍረደን» ተባልሁ። ዛሬ የመጣሁት ልፈርድ ነው። ፍርዱን አስቀድሜ ልንገራችሁና ምክንያቱን ከዚያ እዘረዝራለሁ። ወተቱ ይህን ያህል አልበደለም። የተከሰሰው ሌላ፣ ጥፋተኛው ሌላ ነው።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ሻይና ወተት ብርጭቆ ውስጥ ሲገናኙ ምን ይሆናሉ? ሁለተኛ፣ ሰው ላይ ሲሞከር ምን ተገኘ? ሦስተኛ፣ ጥፋተኛው ማነው? ሦስተኛው ላይ እቆያለሁ፣ ታገሱኝ።

ወደ አንደኛው ልሂድ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እኔ ያደግሁት ቡሬ ነው። እናቴ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ነበራት። ሻይ ቤት ስላችሁ አራት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ ታችዋ የጠቆረ ትልቅ ማንቆርቆሪያና በጨርቅ የተሸፈነ የቦምቦሊኖ ሳህን ማለቴ ነው። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተነስታ ከሰሉን ታያይዛለች፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የመጀመሪያው መኪና ሳይነሳ ሻዩ ቀረፋና ቅርንፉድ ገብቶበት ይንተከተካል። የእኔ ሥራ ብርጭቆ ማጠብና ወተት ማምጣት ነበር።

እናቴ፣ እግዜር ይማራትና፣ አንድ ዘዴ ነበራት። ቅጠሉን ቶሎ አትጥለውም። ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ እንደሚባለው ሻዩንም ውኃ እየጨመረች ትደግመዋለች። ማንቆርቆሪያው ምድጃው ላይ ተጥዶ ሲውል ሻዩ ይከርራል፤ ጠቆር ይላል፤ ስትቀምሱት ምላስን ይይዛል፣ ድድ ይጨመድዳል። አንዱ ሾፌር ቀምሶ ፊቱን ሲያጨማድድ እናቴ ምንም ሳትናገር ብርጭቆውን ትወስድና ወተት ጠብ ታደርግበታለች። ሾፌሩ መልሶ ይቀምሳል። «እንዲህ ነው እንጂ ሻይ!» ይላል። ወተት የእናቴ ገመና ሸፋኝ ነበር። (ሳቅ)

ልጅ ሆኜ ይሄ ነገር ይገርመኝ ነበር። ያ ምላስ የሚይዘው ነገር የት ሄደ? አልተቀዳ፣ አልተጣለ። እዚያው ብርጭቆ ውስጥ ነው ያለው። ታዲያ ወተቱ ምን አደረገው? መልሱን ያገኘሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው።

ሻይ ቅጠል ከውሽውሽም ይምጣ ከጉማሮ፣ ከካፋም ይሁን ከኢሉባቦር፣ የአንድ ተክል ቅጠል ነው። ይቀጠፋል፣ ይጠወልጋል፣ ይፈተጋል፣ አየር እየነካው ይጠቁራል፣ ከዚያ ይደርቃል። ውስጡ ፖሊፊኖል የሚባሉ ነገሮች አሉ፤ ካቴኪን የሚባለውም፣ በተለምዶ ታኒን የምንለውም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ሻይ ለልብ ይጠቅማል፣ ለደም ሥር ይጠቅማል ሲባል የሚመሰገኑት እነሱ ናቸው። ምላስ የሚይዙትም እነሱ ናቸው! ምራቃችን ውስጥ አፋችንን የሚያለሰልስ ፕሮቲን አለ፤ ታኒን ፕሮቲን ሲያገኝ አይለቅም፤ ምራቃችንን አንቆ ይይዘዋል፣ አፋችን ይደርቃል።

ስሙ ራሱ ከቆዳ ማልፋት ሥራ የመጣ ነው። የዛፍ ልጥ ታኒኑ የቆዳውን ፕሮቲን ይይዝና እንዳይበሰብስ ያደርገዋል። እዚህ እኛው ጎጃም፣ አዊ ውስጥ፣ ፋግታ ለኮማ ገበሬው ለከሰል የሚተክለው ዲከረንስ አለ አይደል? የዚያ ዛፍ ልጥ በሌላው ዓለም የታወቀ ቆዳ ማልፊያ ነው። እንግዲህ እዩት፤ ሻዩን የሚያፈላው ከሰልና ሻዩ ውስጥ ያለው ነገር ሩቅ ዘመዳሞች ናቸው።

ወደ ወተቱ ልመለስ። ወተት ውስጥ ኬዚን የሚባል ፕሮቲን አለ። ይሄን ስም መያዝ አያስፈልጋችሁም፤ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። አሬራውን እሳት ላይ ጣድ ስታደርጉት የሚረጋው ምንድን ነው? አይብ! ኬዚን ማለት አይብ የሚሆነው ክፍል ነው። ከላም ወተት ፕሮቲን ከመቶ 80 ያህሉ እሱ ነው። የማታምኑኝ ካላችሁ ወተት ያለበት ሻይ ላይ ሎሚ ጨምቁበት። እኔ አንድ ጊዜ ጉንፋን ይዞኝ ጨምቄ፣ ብርጭቆው ውስጥ አይብ ሠርቼ አውቃለሁ። ነጫጭ ፍርፋሪው ከላይ፣ ቡናማ ውኃው ከታች። ባለቤቴ «ለዚህ ነው አምስት ዓመት የተማርኸው?» አለችኝ። (ሳቅ)

እንግዲህ ታኒን ፕሮቲን ሲያገኝ አይለቅም ብያችኋለሁ። ወተት ሲጨመር የወተቱን አይብ ያቅፋል፤ የእኛን ምራቅ ይተዋል። እናቴ ጠብ ስታደርገው የሾፌሩ ፊት የሚፈታው ለዚህ ነበር። ክሱም የመጣው ከዚሁ ነው። «አይቡ ያንን ጠቃሚ ነገር አቅፎ ከያዘው፣ ሆዳችን ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራልናል?» ነው ጥያቄው። ጥሩ ጥያቄ ነው። የሞኝ ጥያቄ አይደለም። የስልኳ ልጅ አልዋሸችም።

ሁለተኛው ነጥብ እንግዲህ እዚህ ላይ ይመጣል። ብርጭቆ ውስጥ የሆነው ሰው ውስጥም ይሆናል ወይ?

በ2007 እንደ ፈረንጆቹ (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመትም ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)፣ በርሊን ከተማ ሻሪቴ በሚባል ትልቅ ሆስፒታል ያሉ ሐኪሞች አንድ ጥናት አወጡ። የወር አበባቸው የቆመ 16 ጤነኛ ሴቶች ወሰዱ። አንድ ቀን ግማሽ ሊትር ባዶ ሻይ፣ አንድ ቀን ከመቶ 10 እጅ ቅባት የሌለው ወተት የገባበት ሻይ፣ አንድ ቀን የፈላ ውኃ ብቻ አጠጧቸው። ከመጠጣታቸው በፊትና ከሁለት ሰዓት በኋላ የክንዳቸው የደም ሥር ምን ያህል እንደሚሰፋ በአልትራሳውንድ ለኩ። ባዶ ሻይ ሲጠጡ የደም ሥራቸው በደንብ ሰፋ፤ ይሄ መልካም ምልክት ነው። ወተት ያለበትን ሲጠጡ? ምንም። ውኃ የጠጡ ያህል። ዓለም ሁሉ «ወተት ሻይን ገደለው» ብሎ የጮኸው ያኔ ነው፤ ድንኳኑ ውስጥ የደረሰንም የዚያ ጩኸት ማሚቶ ነው።

ግን ቆዩ። ከዚያ በፊት፣ በ1998፣ ሆላንዶች ሌላ ነገር ለክተው ነበር። ሰዎችን ወተት ያለበትና የሌለበት ሻይ አጠጥተው ካቴኪኑ ደም ውስጥ ይገባል ወይ ብለው ደማቸውን መረመሩ። ገባ። ወተት ኖረም አልኖረም እኩል ገባ። እንዴት? ሆዳችን ወንፊት አይደለም። አሲድ አለው፣ ፕሮቲን የሚፈጭ ኤንዛይም አለው። አይቡን ይበታትነዋል፤ አይቡ ሲበተን ያቀፈውን ይለቃል።

ታዲያ ማንን እንመን? ሁለቱም አልዋሹም። አንዱ በር ላይ ቆሞ የገባውን ቆጠረ፤ ሌላው ቤት ገብቶ የተሠራውን ሥራ አየ። የበርሊኑ ደግሞ አሥራ ስድስት ሰው ነው፤ አሥራ ስድስት ሰው የእድራችን አንድ ወንበር ረድፍ አይሞላም። የለኩትም ከጠጡ ሁለት ሰዓት በኋላ የሆነውን ነው እንጂ ሃያ ዓመት የጠጣ ሰው የሚሆነውን አይደለም።

ለዚህ ነው እኔ የሚመዝንልኝ የ2022ቱ የእንግሊዞቹ ጥናት። እንግሊዝ ማለት አብዛኛው ሰው ሻይን በወተት የሚጠጣበት አገር ነው። ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 69 የሆነ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰዎች ተመዝግበው ወደ 11 ዓመት ተከታተሏቸው። በቀን ሁለት ኩባያና ከዚያ በላይ የሚጠጡት፣ ጨርሶ ከማይጠጡት ጋር ሲተያዩ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ከመቶ ከ9 እስከ 13 እጅ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ወተት የሚጨምሩትስ? ያው። የማይጨምሩትስ? ያው።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፣ በኋላ አታለለን እንዳትሉኝ። ይሄ ሰዎችን እያዩ መመዝገብ ነው እንጂ «አንተ ጠጣ፣ አንተ አትጠጣ» ብሎ መፈተን አይደለም። ሻይ የሚጠጣው ሰው በሌላ ነገርም ከማይጠጣው ይለይ ይሆናል። ሻይ ዕድሜ ያራዝማል ብዬ አልምልላችሁም። ወተት ሻይን ቢገድለው ኖሮ ግን ግማሽ ሚሊዮን ሰው ውስጥ አንድ ቦታ ምልክቱ ይታይ ነበር።

(እዚህ ላይ ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ።)

አቤት አባቴ፣ ይናገሩ።

(«ልጄ፣ እኛ እኮ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታ ስንል ግማሹን ዓመት ወተት አንቀምስም። ይሄ ሁሉ ክርክር ለማን ነው?»)

(ሳቅና ጭብጨባ) ይኸው! ንግግሬን ጨረሱብኝ እኮ አባቴ። እውነታቸውን ነው። ሰባቱን አጽዋማት የሚጾም ሰው ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ሻዩን በባዶው ነው የሚጠጣው። በርሊኖቹ ልክ ከሆኑ ግማሹን ዓመት አትርፋችኋል። እንግሊዞቹ ልክ ከሆኑ ዓመቱን ሙሉ። እናቴም ረቡዕና ዓርብ ወተት አታስመጣኝም ነበር፤ በነዚያ ቀናት ሻዩን ቀጠን ታደርገዋለች፣ ገመና የሚሸፍንላት የለማ!

አባታችን ጾምን ማንሳታቸው ግን ቀጥታ ወደ ሦስተኛው ነጥብ ወሰደኝ። ጥፋተኛው ማነው? አሁን ያንቀላፋችሁ ካላችሁ ጎረቤት ይቀስቅስልኝ።

ጥፋተኛው ሰዓቱ ነው። ሻይ ምን ገባበት ከማለታችን በፊት ሻይ መቼ ተጠጣ እንበል።

ታኒን ፕሮቲን ሲያገኝ አይለቅም አልሁ። ብረትም ሲያገኝ አይለቅም። ደም የሚሠራው በብረት ነው። ብረት ከሥጋም ይገኛል፣ ከእህልም ይገኛል፤ የሥጋው ብረት በቀላሉ ይገባል፣ የጤፉ፣ የምስሩ፣ የጎመኑ ብረት ግን ጭምት ነው፣ ትንሽ ነገር ያስቀረዋል። አሁን እኛ ምን በላን? ምስር፣ ጎመን፣ የጤፍ እንጀራ። ጾመኛስ ምን ይበላል? ይሄንኑ። እና ሳንነሳ፣ እጃችንን ሳንታጠብ ሻይ ይመጣል። ሻዩ እንጀራውን ተከትሎ ይወርድና ብረቱን እዚያው ይይዘዋል፤ ብረቱ ደም ሳይሆን ይወጣል።

ምን ያህል? በ1999 የወጣ አንድ ጥናት ዳቦ ከሻይ ጋር የበሉ ሰዎችን ለክቷል። ዳቦ በሻይ! የእኛው ቁርስ! ከዳቦው የሚገባው ብረት ከመቶ ከ79 እስከ 94 እጅ ቀነሰ። ደግሜ ልበለው? ከመቶ ከ79 እስከ 94። ወተት ቢጨመርበትስ ብለው ሞከሩ፤ ያመጣው ለውጥ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። እና እኛ ስለ ወተቱ ድንኳን ውስጥ ስንጨቃጨቅ ብረታችን በጓሮ በር ይወጣል።

በዚህ ጉዳይ እኔ ራሴ ያጠፋሁትን ልናዘዝ። ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ አንድ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ቤት ስሠራ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ደሟ ዝቅ ብሎ አይረን፣ ማለት የብረት ኪኒን፣ ታዘዘላት። ኪኒኑን ቆጥሬ ሰጠሁና «በቀን አንድ፣ ምግብ ከበላሽ በኋላ» አልኋት። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ሌላ ነገር አልጨመርሁም። በወሩ መጣች፤ ደሟ ፈቅ አላለም። ደገምሁላት። እንደገና መጣች፤ ያው ነው። በልቤ «ኪኒኑን እየጣለችው ነው» አልሁ። ሰው ሳይጠይቁ መጠርጠር ይቀላል። በሦስተኛው ነው «እስኪ እንዴት እንደምትውጪው አሳይኝ» ያልኋት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ጠረኑ ያቅለሸልሸኛል፣ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በወተት ሻይ ነው የማወርደው። አንድም ቀን አላስታጎልሁም።»

አያችሁ? አንድም ቀን አላስታጎለችም። ሻዩ ብረቱን ይይዛል፤ የወተቱም ካልሲየም ይሻማዋል። እሷ ሳታጓድል ስትውጥ፣ እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ስላጓደልሁ ሁለት ወር ባከነ። ፊቷ ነጣ ብሎ፣ የኪኒኑን ወረቀት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛው ነበር፤ አሁንም ይታየኛል። በውኃ፣ ከተቻለም ሎሚ ወይ ብርቱካን ጨመር አድርጋ እንድትውጠው ነገርኋት። በሚቀጥለው ወር ደሟ ወጣ።

ስለዚህ እናቶቼ፣ ልጆቻችሁ ሲያረግዙ፣ ምራቶቻችሁ ሲያረግዙ ይሄን ንገሩልኝ። አይረን በሻይ አይዋጥም። አይረን በወተት አይዋጥም። በሁለቱ ድብልቅማ ጭራሽ! መድኃኒት ካነሳሁ አይቀር፣ ሲፕሮና ዶክሲ የሚባሉት ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶችም በወተት አይዋጡም፣ ካልሲየሙ ይይዛቸዋል። የእንቅርት ኪኒን የምትወስዱም በባዶ ሆድ በውኃ ነው፤ ሻዩ ይቆያችሁ።

ሕፃናትስ? ይሄ የሚያንገበግበኝ ነው። ጡጦ ውስጥ ሻይ የሚያደርግ ሰው አሁንም አለ። «ወተት ስለተወደደ ሻዩን ነጣ አድርጌ ሰጠሁት» ይላሉ። ስድስት ወር እስኪሞላው ከጡት ሌላ ምንም፣ ውኃም ቢሆን። ከዚያ በኋላም የሕፃን ሆድ ትንሽ ናት፤ በሻይ ከሞላች ምግቡ የት ይገባል? የሚገባውንም ብረት ሻዩ ያስቀረዋል። ሻይ የሕፃን ምግብ አይደለም።

ሻይ ይቅር እያልሁ ነው? ኧረ አይደለም! የሻይ ቤት ልጅ ነኝ፣ እናቴ ከመቃብር ተነስታ ትቆጣኛለች። የምለው አንድ ነገር ነው። ከምግብ አርቁት። በ2017 እንግሊዝ አገር የተሠራ ጥናት ሻዩን ከምግቡ ጋር ሳይሆን አንድ ሰዓት አቆይተው ሲጠጡት ጉዳቱ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። አንድ ሰዓት ብቻ! ገንዘብ አይጠይቅም። እንጀራው ላይ ደግሞ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ሎሚ ያለበት ሰላጣ ጨምሩ፤ የነሱ ቫይታሚን ሲ ያንን ጭምት ብረት እጁን ይዞ ያስገባዋል።

ሁለተኛው ጥፋተኛ ስኳር ነው፤ እሱን ሁላችሁም ስለምታውቁት በአጭሩ ልለፈው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ያወጣው ምክር በቀን ከ25 ግራም፣ ማለትም ከስድስት የሻይ ማንኪያ ያህል ባንሻገር መልካም ነው ይላል። በአንድ ብርጭቆ ስንት ነው የምናደርገው? ሦስት። በቀን ስንት ብርጭቆ? አራት የሚጠጣ አለ እዚህ መካከል፤ እያየሁት ነው። (ሳቅ) አራት ጊዜ ሦስት አሥራ ሁለት ማንኪያ ነው፤ የሚበላው ጣፋጭ፣ የሚጠጣው ለስላሳ ሳይቆጠር። ስኳር ከሸማቾች ሱቅ የጠፋበትን ጊዜ አስታውሱ፣ ሁላችንም ስናማርር ነበር። እኔም አማርሬያለሁ። ያኔ ወደ አንድ ማንኪያ ወረድሁ፤ ሁለት ሳምንት ጭድ ጭድ አለኝ፣ ከዚያ ለመድሁት። አሁን የሌላ ሰው ቤት ሻይ ስጠጣ ማር የቀመስሁ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ሙቀቱ ነው። ከ65 ዲግሪ በላይ ትኩስ የሆነ መጠጥ የጉሮሮን ቧንቧ ለካንሰር ሳያጋልጥ እንደማይቀር የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 አስታውቋል። ሻይ ስለሆነ አይደለም፤ ስለሚያቃጥል ነው። ከምድጃ የወረደውን ፉት እያሉ እንባ የሚያወጡ ሰዎች አሉ፣ እንደ ጀግንነት የሚቆጥሩት። ለወተቱ ጥብቅና የምቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ ወተት ጠብ ሲደረግበት ሻዩ ይበርዳል። ደግሞም ሻይ ውስጥ ኦክሳሌት የሚባል፣ ከኩላሊት ጠጠር ጋር የሚያያዝ ነገር አለ፤ የወተቱ ካልሲየም አንጀት ውስጥ ይይዘውና ወደ ኩላሊት እንዳይሄድ ያግዳል። ጠጠር ለሚደጋግመው ሰው ወተት ያለበት ሻይ ከባዶው ይሻለዋል። ተከሳሹ እንዲያውም ምስክር ሆኖ መጣ!

ወተት ስል ግን የፈላ ወተት ማለቴ ነው። ጥሬውን ከላሟ እንደወረደ «ጉልበት ይሰጣል» እያላችሁ የምትጠጡ አላችሁ። የከብት ሳንባ ነቀርሳና ውርጃ በሽታ በዚያ መንገድ ወደ ሰው ይመጣል። ሻይ ውስጥ ለብ አደረግሁት ማለት አፈላሁት ማለት አይደለም፤ መጀመሪያ ለብቻው ይፍላ።

ድንኳን ውስጥ ወተት ያለበትን የመለሱት እናት ዛሬ እዚህ አሉ፤ አይቻቸዋለሁ፣ አልጠቁማቸውም። ባዶውን ከወደዱት ባዶውን ይጠጡ፤ ምንም አይጎድልብዎትም። አጠገባቸው የነበሩትም እንዲሁ፣ ወተቱን ከወደዱት ይጨምሩ። ሁለታችሁም ግን ያን ዕለት ንፍሮውን እያላመጣችሁ ነበር ሻዩን የጠጣችሁት። (ሳቅ)

እሺ፣ ልጆቹ ሻዩ ደርሷል እያሉ ምልክት ይሰጡኛል። ፔርሙሶቹ በሩ አጠገብ ናቸው፤ ቀይ ክዳን ያለው ወተት አለበት፣ ሰማያዊው ባዶ ነው፣ ስኳሩ ለብቻው ነው። ምሳችንን ከጨረስን ገና ግማሽ ሰዓት ነው። እኔ ሌላ ግማሽ ሰዓት እቆያለሁ። አብሮኝ መቆየት የፈለገ ወንበሩን ወደ ፊት ያስጠጋና ጥያቄውን ይጠይቀኝ። አባቴ፣ ከእርስዎ እንጀምር፤ ቅድም እጅዎን ሲያወጡ ሁለተኛም ነገር ያሰቡ መስሎኝ ነበር።